ለከተማም ለኮረኮንችም የሚሆን አነስተኛ ኤስዩቪ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ኤስዩቪ የሚገዛ ሰው መኪናውን ብዙውን ጊዜ የሚፈትሸው ባዶውን፣ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ሻጩንና ደላላውን አጠገቡ አስቀምጦ አንድ ሁለት ዙር በመንዳት ነው። ያው መኪና ግን ከጥቂት ወራት በኋላ አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ቤተሰብ ቀዬ በሚወስድ የዋልካ መንገድ ላይ ይገኛል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ምንጫቸው በአብዛኛው ይኸው ነው፤ መኪናው የሚፈተሽበት ሁኔታና ዕድሜውን የሚያሳልፍበት ሁኔታ አይመሳሰሉም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ምርጫው አገር ውስጥ ባሉት ያገለገሉ መኪኖችና በኤሌክትሪኮቹ መካከል ሆኗል፤ ስለዚህ የተሳሳተ ግዢ እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይታረምም።

የመጀመሪያው ስህተት በመኪናው ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማመን ነው። ራቭፎር፣ ቪታራ፣ ቴሪዮስና ቱሳን ሁሉም በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱ ዓይነቶች አሏቸው፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው ከባለ አራት ጎማ ድራይቮቹ አይለዩም፣ ጽሑፉንም ማንም ሰው ገዝቶ ሊለጥፈው ይችላል። ጠንቃቃው ገዢ ይህን ስለሚያውቅ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የማርሽ ቤት፣ መኖሩን ያያል። ለራቭፎርና ለቱሳን ይህ ትክክለኛ ምርመራ ነው፤ የእነዚህ ባለ ሁለት ጎማ ድራይቮች የሚነዱት በፊት ጎማ ስለሆነ፣ ከኋላ ዲፈረንሻል ከተገኘ ኃይል ወደ ኋላም ይሄዳል ማለት ነው። ለቆዩት ቪታራና ግራንድ ቪታራ እንዲሁም ለቴሪዮስ ግን ይኸው ምርመራ ያሳስታል። እነዚህ ሞተራቸው ከፊት ወደ ኋላ በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ የተቀመጠና መሠረታቸው የኋላ ጎማ ድራይቭ በመሆኑ፣ በሁለት ጎማ የሚነዳውም የኋላ ዲፈረንሻል አለው፤ መታየት ያለበት የፊቱ ዲፈረንሻልና ከእሱ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄዱት ዘንጎች ናቸው። አንድ የቅርብ ጓደኛዬ የኋላውን ብቻ አይቶ ገዝቶ፣ እውነቱን ያወቀው ከቱሉ ቦሎ ወደ ገጠር በሚገባ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዎቹ ጭቃውን እየቆፈሩ ሲሰምጡ የፊቶቹ ቀጥ ብለው በቆሙ ጊዜ ነው። መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ክሪክ ላይ ማሰቀል ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም ነበር።

አራቱም ጎማዎች ኃይል እንደሚያገኙ ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣው ስህተት ሁሉንም «ፎር ዊል» አንድ ዓይነት አድርጎ ማየት ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚያባክነው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስረዳ። በገበያችን ውስጥ ሦስት ዓይነት አሠራር ይገኛል። አንደኛው እንደ ሱዙኪ ጂምኒና እንደ ቆየው ቪታራ ሹፌሩ ሲፈልግ የፊት ጎማዎችን የሚያስገባበትና «ሎው»፣ ማለትም ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምር ተጨማሪ ማርሽ፣ ያለው ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 እንደተመረቱት በርካታ ግራንድ ቪታራዎች ሁልጊዜ በአራቱም ጎማዎች እየነዳ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ኃይል የሚያካፍለው የመሃል ዲፈረንሻሉ የሚቆለፍና «ሎው» ያለው ነው። ሦስተኛው በቱሳን፣ በቅርብ ዓመታት ራቭፎሮችና እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በተሠራው አዲሱ ቪታራ ላይ የሚገኘው ሲሆን፣ በአብዛኛው በፊት ጎማ እየነዳ ጎማ ሲንሸራተት ብቻ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያካፍል ነው፤ «ሎው» የለውም።

ልዩነቱ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ የጂምኒ ቁጥር በደንብ ያሳያል። አሁን የሚሠራው ጂምኒ «ሎው» ሲገባ የጎማው ፍጥነት በግማሽ ይቀንስና የመሽከርከር ጉልበቱ በእጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ትልቅ ድንጋይ የበዛበትን ዳገት ፍሪሲዮን ሳያቃጥል በሰው እርምጃ ፍጥነት ይወጣል፤ ሲወርድም ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። በሦስተኛው ዓይነት መኪና ያንኑ ዳገት ለመውጣት የሚሞክር ሰው ግን በፍጥነት መግባት ይኖርበታል፤ ድንጋይ ላይ ደግሞ ፍጥነት ማለት የተሰበረ ዕቃ ማለት ነው። በተጨማሪም በጭቃ ወይም በአሸዋ ውስጥ ጎማ ለረጅም ጊዜ ሲንሸራተት ኃይል የሚያካፍለው ክፍል ይግላል፤ ራሱን ለማዳንም የኋላ ጎማዎችን ይለቃል፣ ይህም የሚሆነው መኪናው እነሱን በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ነው። እንዲህ ሲባል ሦስተኛው ዓይነት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከአስፋልት የሚወጣው በወር አንድ ጊዜ ለሆነ፣ መንገዱም የተጠረገ ጠጠር ወይም ፒስታ ለሆነበት ቤተሰብ እሱ ይበቃል፤ በከተማም ነዳጅ ይቆጥባል። ስህተቱ ይህን ሰው ለ«ሎው» ብዙ ገንዘብ ማስከፈል፣ ሥራው በሰሜን ተራሮች ወይም በባሌ ገጠር የሆነውን ሰው ደግሞ ያለ «ሎው» መላክ ነው።

እዚህ ላይ የፍተሻ ስህተትም ይጨመራል። ጂምኒንና የቆየውን ቪታራ የመሰሉ መኪኖች በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ልዩነትን የሚያስተናግድ የመሃል ዲፈረንሻል የላቸውም። ገዢው በደረቅ አስፋልት ላይ «ፎር ዊል» አስገብቶ መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞር መኪናው ይወጠራል፣ ይዘላል፣ ድምፅ ያሰማል። አንዳንዱ በዚህ ምክንያት «ካምቢዮው ተበላሽቷል» ብሎ ደህናውን መኪና ትቶ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ ሲፈትሽ በእርግጥ ያበላሸዋል። ምርመራው መደረግ ያለበት ልቅ ጠጠር ወይም ሣር ላይ ነው። «ሎው» ደግሞ የሚገባው መኪናው ቆሞ ነው፤ ሲገባ የሚያንገራግር ወይም ራሱን የሚያወጣ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቆይቷል ወይም ተጎድቷል።

ከመሬት ያለውን ከፍታ በአንድ ቁጥር መመዘንም ብዙዎችን ያሳስታል። ጂምኒ 210 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ ቪታራ 185 ሚሊ ሜትር ከመሬት ከፍ ይላሉ፤ ልዩነቱ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በወረቀት ላይ ተቀራራቢ ይመስላሉ። ነገር ግን ጂምኒ አፍንጫው ሳይነካ ሊወጣው የሚችለው ተዳፋት 37 ዲግሪ ሲሆን፣ የቪታራው 18 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአስፋልት ዳር ወደ ገጠር መንገድ መግቢያ ላይ ያለውን ቦይ የሚያውቅ ሰው የዚህ ትርጉም ይገባዋል፤ የቪታራው የታችኛው ከንፈር መሬቱን የሚነካው ጎማው ቦዩ ውስጥ ሳይደርስ ነው። ሌላው የሚዘነጋው ጭነት ነው። በፋብሪካ የሚጻፈው ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ያልተሳፈረበት መኪና ከፍታ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው በሚንቀሳቀስባቸው መኪኖች ሰውና ዕቃ ሲጫን ሆዱ በሙሉ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ሞላና አሞርዛተሩ ካረጁ ደግሞ ይብስበታል። እንደ ጂምኒ ባለ ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹ በአንድ ወጥ አካል የተያያዙ) መኪና ግን ዝቅተኛው ነጥብ ዲፈረንሻሉ ስለሆነና ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር ስለሚሄድ፣ ጭነት ያን ነጥብ አይነካውም። ስለዚህ ሜትር ይዞ ሄዶ፣ አራት ሰው አስገብቶ፣ ከማርሚታው ሥር መለካት ተገቢ ነው፤ ሻጩ ቢገረምም።

ጎማን በተመለከተ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው፤ ላዩ ባለቀ የአስፋልት ጎማ ላይ የቆመ ባለ አራት ጎማ ድራይቭ፣ ደህና ጎማ ካለው ባለ ሁለት ጎማ ድራይቭ ቀድሞ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ገና ቢመስልም ጎማው ካረጀ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከዚህም ሌላ አንድ ጎማ በተበሳ ቁጥር አንድ አዲስ ብቻ የመግዛት ልማዳችን ራሱ አራቱን ጎማ ለሚነዳ መኪና ጎጂ ነው። አዲሱና ያለቀው ጎማ ዙሪያቸው እኩል ስላልሆነ በተለያየ ፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ ኃይል የሚያካፍለው ክፍልም ሁልጊዜ መንሸራተት ያለ ይመስለውና እየሠራ ይግላል። ስለዚህ አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክና ተቀራራቢ ጥርስ ያላቸው መሆናቸውን ማየት ዋጋ ለመደራደርም፣ የቀድሞው ባለቤት መኪናውን እንዴት እንደያዘው ለማወቅም ይረዳል። በነገራችን ላይ የራሰ ዋልካን ማንኛውም ጎማ አያሸንፈውም፤ የበቾ ገበሬዎች ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅን የሚመርጡት በምክንያት ነው። በአፋር አሸዋ ግን ሁኔታው የተለየ ነው፤ የጎማውን አየር ከ30 ወደ 20 ፒኤስአይ ገደማ ማውረድና አስፋልት ላይ ሲደርሱ መልሶ መሙላት ብዙ መኪና ያወጣል።

የሞተርን ጉልበት ከወረቀት ላይ ማንበብ ሌላው ስህተት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የጂምኒው 102 የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 80 ይጠጋል፤ የሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ፣ ከዚያም ያንሳል። የሚያስከትለው ችግር መቅደም አለመቻል ብቻ አይደለም፤ ዳገት ላይ ማርሽ በመፈለግ ነዳጅ ይበላል፣ ሞተር ይግላል። ስለዚህ እንጦጦን አራት ሰው ጭኖ መውጣት ከማንኛውም ዝርዝር መግለጫ የበለጠ ይናገራል። መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ ይበልጥ ያስፈራል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ ነው፤ ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። አውቶማቲክ የሚገዛ ሰው በከተማ ውስጥ የማይነካቸውን ዝቅተኛ ማርሽ የሚያስይዙ አማራጮች መኖራቸውንና ሞተሩ መኪናውን በእርግጥ እንደሚይዝ አስቀድሞ ይሞክር።

ተቃራኒው ስህተትም አለ፤ ለሁለት ቀን ጉዞ ብሎ የሳምንቱን ሌሎች ቀናት መርሳት። በጂምኒ ባለ ሦስት በሩ የኋላ ወንበር ላይ ሰው ከተቀመጠ ለዕቃ የሚቀረው ቦታ 85 ሊትር ነው፤ ከገበያ የመጣ አንድ ዘንቢል ይሞላዋል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ እናቱን ሐኪም ቤት የሚወስድ ሰው የፊት ወንበር እያጠፈ ማስገባትን በየቀኑ ይኖረዋል። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ ድፍን አክስልና አጭር ርዝመት በነፋስና በፍጥነት ያደክማሉ። በከተማ ጠባብ ቦታ መዞርና መቆም ግን ለእሱ ቀላል ነው፤ ይህንም ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ይገባል።

የኤሌክትሪክ ኤስዩቪዎችን ከፍ ብለው ስለሚታዩ ብቻ የገጠር መኪና አድርጎ መቁጠር የአሁኑ ዘመን ስህተት ነው። ባለ አንድ ሞተሩ ፎልክስዋገን አይዲ 4 የሚነዳው በኋላ ጎማ፣ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ደግሞ በፊት ጎማ ብቻ ነው። በእርግጥ ለአገራችን የሚመቹ ጠባዮች አሏቸው፤ ሞተራቸው አየር ስለማይፈልግ ከፍታ አያደክማቸውም፣ ቁልቁለት ሲወርዱም ባትሪውን እየሞሉ ራሳቸውን ይይዛሉ። ሆኖም ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ኃይሉን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ደጀን ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ይህን እርዳታ ሊያጣ ይችላል፣ ጥቂት ክፍት ቦታ መተው ይሻለዋል። ባትሪው ወለሉ ሥር በሙሉ የተዘረጋ ስለሆነ በነዳጅ መኪና ላይ ማርሚታ ብቻ የሚያጎብጥ ድንጋይ እዚህ የመኪናውን ውዱን ክፍል ይመታል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው መኪናውን አሰቅሎ የባትሪውን ሽፋን ከዳር እስከ ዳር ይመልከት፤ ጭረት ያጋጥማል፣ ወደ ውስጥ የገባ ጉብታ ካለ ግን መተው ይሻላል። ባትሪው አቧራና ውኃ እንደማያስገባ የሚገልጸው አይፒ 67 የሚለው ምልክት አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ የተደረገ የላቦራቶሪ ፈተና ውጤት እንጂ የክረምት ወንዝ የመሻገር ፈቃድ አይደለም፤ ተመትቶ የተጣመመ ሽፋን ደግሞ ያን መከላከያ ላይጠብቅ ይችላል።

በመጨረሻ የሚታየው፣ ብዙ ጊዜም ጨርሶ የማይታየው፣ ትርፍ ጎማው ነው። አንዳንዶቹ አዳዲስ መኪኖች ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የማይነዳበት ቀጭን ጊዜያዊ ጎማ ወይም ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ስለታም ድንጋይ የጎማን ጎን ሲቀድ ፈሳሹ ምንም አይሠራም፤ ቀጭኑም ጎማ በኮረኮንች ላይ ቅርብ ወዳለው ጎሚስታ እንኳ ላያደርስ ይችላል። የኋላውን ወለል ከፍተው ሙሉ መጠን ያለው ጎማ፣ የሚሠራ ክሪክና ለመጎተቻ የሚታሰረው ቀለበት በቦታቸው መኖራቸውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይመልከቱ፤ ክሪኩንም እዚያው አንድ ጊዜ ይሞክሩት።