ከባሕር ዳር ስዊድን ለገባችሁ፦ ጨለማውን ወራት በብርሃንና በሙቀት

ባሕር ዳር ላይ ብርሃን ማንም ቆጥሮት የማያውቅ ሀብት ነው። ቀኑ ቢያጥር 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቢረዝም ከ13 ሰዓት አይበልጥም። ማለዳ ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሶ የሚመለሰውም፣ ጣና ዳር የሚንሸራሸረውም፣ አስፋልት ዳር ቆሞ ባጃጅ የሚጠብቀውም ሥራ ሳይጀምር ዓይኑ ፀሐይ ይጠግባል። ስቶክሆልም ላይ ግን በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ለሦስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ዘጠኝ ሳይሞላም ትጠልቃለች። በጨለማ ወጥታችሁ በጨለማ ትመለሳላችሁ።

በእነዚህ ወራት እንቅልፍ አልጠግብ የሚለው፣ ዳቦና ጣፋጭ የሚያምረው፣ ሰው ማየት የሚያስጠላው ብዙ ነው። እባካችሁ ስንፍና ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። ኖርማን ሮዘንታል የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 እ.ኤ.አ. የገለጸው፣ ወቅታዊ ድባቴ የሚባል የታወቀ ሕመም አለ። ጠበሉም ጸሎቱም አይቅር፤ ሕክምናውም ከእነርሱ ጋር አይጣላም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዓይን ነው። የጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት አንጎል ሌሊቱ ማለፉን ያውቃል፤ እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒንም ይቀንሳል። ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ የቢሮ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሉክስ አይበልጥም፤ የቀን ሰማይ ደመና ቢጋርደው እንኳ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት የምሳ ዕረፍታችሁን ውጭ አሳልፉ፤ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህን ነው። ብርዱ ደግሞ ሰበብ አይሁን፤ ካፖርት የተሠራው ለዚሁ ነው።

የብርሃን ሕክምና መብራት ስትገዙ 10,000 ሉክስ የሚሰጥና አልትራቫዮሌት ጨረር የማያወጣ ይሁን። ይህን ያህል ብርሃን የሚሰጠው በስንት ርቀት እንደሆነ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ብዙዎቹ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ነው የሚቀመጡት። እንደነቃችሁ ለ30 ደቂቃ ከፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ አምፖሉን ግን ትኩር ብላችሁ አትዩት። ቁርስ እየበላችሁ ወይም ወደ ቤተሰብ እየደወላችሁ ጊዜው ያልፋል። በብርድ ወራት የሰዓት ልዩነቱ ሁለት ነውና፣ እናንተ አንድ ሰዓት ላይ ስትነሡ ባሕር ዳር ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ እማማም ቡናውን አቀራርበው ይሆናል። መብራቱን ማታ አትጠቀሙበት፤ እንቅልፍ ይነሣችኋል። የዓይን ሕመም ያለበት፣ ስኳር ዓይኑን የነካው፣ ስሜቱ ከልክ በላይ የሚፈነድቅና የሚወርድ ሕመም ያለበት፣ ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ይህ መብራት ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፤ የሰሜን የብርድ ወራት ፀሐይ ደግሞ ለማንም አትበቃም። በዚያ ላይ የገና ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ በጨለማው መካከል ይውላል፤ ወተትና እንቁላል ከማዕድ ይነሣሉ። ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የአጃ ወተት ሱቅ ውስጥ ይገኛል። ፋርማሲ ስትሄዱ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነውን ጠይቁ፤ አንዳንዱ እንክብል ከዓሣ ዘይትና ከጀላቲን የተሠራ ነው።

ሙቀቱ የማታ ነው። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሰውነት እንዴት እንደሚፍታታ አይነገረውም። እዚህ ሳውና አለ፤ በብዙ መዋኛ ቦታዎችና በአንዳንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችም ታገኙታላችሁ። ሙቀቱ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ይደርሳል፤ የላይኛው መደብ እጅግ ይፈጃል፤ ስለዚህ ታችኛው ላይ ጀምሩ፤ ለመጀመሪያ ቀን ከ10 ደቂቃ አትለፉ። ሰዎች ራቁታቸውን ቢቀመጡ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱም ሴቱም ለየብቻ ነው፣ ፎጣ አንጥፎ መቀመጥም ወጉ ነው። ጾም ውላችሁ፣ ውሃም ሳትጠጡ፣ አትግቡ፤ ስትነሡ ራስ ያዞራል። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ ሐኪም ሳይጠይቁ አይግቡ። ሳውና ለማይመቸው ሰው ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት በሞቀ ውሃ መታጠብ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት ሲቀዘቅዝ እንቅልፍ ይመጣል። የወይባ ጢስ የናፈቃችሁ እህቶች፣ እባካችሁ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ከሰል አታንድዱ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

የብርሃኑ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይታያል። ካልታየ፣ ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃታችሁ፣ ወደ ስዊድን የጤና ምክር ስልክ 1177 ደውላችሁ የት መታከም እንዳለባችሁ ጠይቁ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 112 ደውሉ። ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ዘመድ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ፤ በእርሱ ፊት የማትናገሩት ነገር ይኖራልና።