ኢንተርኔት ሲጠፋ ፓይተንን ራሱን ጠይቁት

ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብሎ ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ኮዱ ግማሽ ላይ ቆሟል፣ የአንዷ ፈንክሽን (በስሟ ስትጠራ አንድ ሥራ የምትሠራ ትእዛዝ) አጠቃቀም ጠፍቷችኋል፣ ጎግል አይከፍትም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ላፕቶፑን ዘግቼ እጠብቅ ነበር።

መልሱ ግን እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲጫን የፈንክሽኖቹ ማብራሪያም አብሮ ይገባል፤ የሚጠራውም «ሄልፕ» በሚባል ፈንክሽን ነው። እዚህ በፊደላችን እጽፈዋለሁ እንጂ ኮንሶሉ (የፓይተን ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በትንንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው።

ኮንሶሉን ክፈቱ። ሦስቱ ቀስቶች ሲመጡ ሄልፕ(ሌን) ብላችሁ ኢንተር በሉ፤ ሌን ርዝመት የምትቆጥር ፈንክሽን ናት። በቃ። ሄልፕ(ሌን()) እንዳትሉ ብቻ፤ የውስጠኛውን ቅንፍ ከጨመራችሁ ፓይተን መጀመሪያ ሌንን ሊያሠራት ይሞክርና፣ የምትቆጥረው ነገር ስላልሰጣችኋት ኤረር ያወጣል። ማብራሪያው ረጅም ሆኖ ስክሪኑን ከያዘው በስፔስ ወደታች ሂዱ፣ ለመውጣት «ኪው»ን ተጫኑ።

አንድ የገጠመኝን ላሳያችሁ። ጎጃም መቼም የቅኔ አገር ነው፤ ጎረቤቴ የሆኑ መሪጌታ የደብተራቸውን ቅኔ እንደ ጥንቱ፣ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ እያደረግኩ፣ ያለ ክፍት ቦታ ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩላቸው። «እስቲ ልጄ፣ ይሄ ስንት ቃል ነው?» አሉኝ። ጽሑፍን በሚቆርጠው ፈንክሽን፣ ስፕሊት ብዬ ብቆርጠው መስመሩን ሙሉ 1 ቃል ብሎ ቆጠረው። ግራ ገባኝ። ሄልፕ(ኤስቲአር.ስፕሊት) አልኩ፤ ኤስቲአር ፓይተን ጽሑፍን የሚጠራበት ስም ነው። አናቱ ላይ «ሴፕ=ነን» ይላል፤ «ሴፕ» መለያው ነው፣ «ነን» ደግሞ በእንግሊዝኛ «ምንም» ማለት ነው፤ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ ያለው እኛ ምንም ካልሰጠን ፓይተን የሚወስደው ነው። ዝቅ ስል፣ «ነን» ከሆነ እንደ ክፍት ቦታ፣ ታብና አዲስ መስመር ባሉ ባዶ ቦታዎች ብቻ እንደሚቆርጥ ተጽፏል። ለእኛ ሁለት ነጥብ ቃል መለያ ነው፣ ለፓይተን ግን እንደማንኛውም ምልክት ነው። ስፕሊት("፡") ስለው ቃላቱ አንድ በአንድ ተለያዩ። መለያውን ራሳችሁ ስትሰጡ ግን ባዶውንም ስለሚቆጥር፣ አራት ነጥብን በሁለት «፡» የምትጽፉ ሰዎች ተጠንቀቁ።

የፈንክሽኑ ስም ራሱ ከጠፋችሁ ዲር(ኤስቲአር) በሉ፤ ስሞቹን ይዘረዝራል፣ በድርብ የስር መስመር የሚጀምሩትን ለጊዜው እለፏቸው። እንደ «ፎር» ያሉትን የቋንቋውን ቃላት በጥቅስ ውስጥ አስገቡ፣ ያለ ጥቅስ አይሠራም። እንደ «ማት» (የሒሳብ) ያለውን ሞጁል፣ ማለትም ለብቻው የተቀመጠ የፈንክሽኖች ስብስብ፣ ወይ መጀመሪያ ኢምፖርት አድርጉት (ጥሩትና አስገቡት)፣ ወይ እሱንም በጥቅስ ጥሩት።

የራሳችሁ ፈንክሽን ላይም ይሠራል፤ ፈንክሽኑ ከሚጀምርበት ከዴፍ መስመሩ ቀጥሎ፣ ገባ አድርጋችሁ፣ በሦስት ሦስት ጥቅስ መካከል ማብራሪያ ጻፉ። በአማርኛም ይሆናል። እኔ ለመሪጌታ በሠራሁት ላይ «በሁለት ነጥብ የተለያዩ ቃላትን ይቆጥራል» ብዬ ጻፍኩ፣ ሄልፕ ስለው ያንኑ በአማርኛ መለሰልኝ።