ከስንዴ አገዳ ስትሮ እንዴት ይሠራል?

ስትሮ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ገለባ ማለት ነው። ስሙ ከዕቃው የመጣ ነው፤ ድሮ ሰው የሚጠጣው በእውነተኛ ገለባ፣ በተለይም ራይ በሚባለው የስንዴ ዘመድ አገዳ ነበር። በ1888 ማርቪን ስቶን የተባለ አሜሪካዊ የወረቀት ስትሮ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ያስመረረው ገለባው መጠጡን ሣር ሣር ማሰኘቱና ቶሎ መፈራረሱ ነበር። ቅሬታው እውነት ነው። እኔም ቀምሼዋለሁ። ግን ጣዕሙን በመቀቀል ማስለቀቅ ይቻላል፤ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ አቆራረጡን ማወቅ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የደረቀ የስንዴ አገዳ፣ ስለታም ቢላ ወይም ምላጭ፣ ድስትና ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ነው።

አገዳው ወርቃማ ሆኖ የደረቀ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የሌለበትና ፀረ ተባይ ያልተረጨበት ይሁን። በኮምባይነር የታጨደ አይሆንም፤ ማሽኑ ይጨፈልቀዋል። በማጭድ የታጨደ ፈልጉ።

አንዱን አገዳ አንስታችሁ ልብ ብላችሁ እዩት። እንደ ቀርከሃ አንጓ አንጓ አለው። አንጓው ላይ ድፍን ነው፣ በሁለት አንጓዎች መካከል ግን ክፍት ነው። ስትሮው ያ ክፍት ቦታ ነው፤ ተክሉ ሠርቶ ጨርሶታል፣ የእናንተ ሥራ መቁረጥ ብቻ ነው። ዛላውን የተሸከመው የላይኛው ክፍል ረጅም ነው፣ ግን ይቀጥናል። ሥሩ አካባቢ ያለው ወፍራም ቢሆንም አጭር ነው። እኔ ከላይ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ቆረጣው። የመጀመሪያዬን ሙከራ በደረቁ፣ ያውም በመቀስ ቆረጥኩ። ከሃያው አሥራ ምናምኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጠቀ። መቀስ መጀመሪያ ይጨፈልቃል፣ ከዚያ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ አገዳውን ለግማሽ ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፉት። ሲለሰልስ ዙሪያውን የጠቀለለውን ቅጠል ላጡት። ከዚያ መክተፊያ ላይ አጋድሙትና ምላጩን ከአንጓው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ አሳርፉበት። አትጫኑት። በሌላው እጃችሁ አገዳውን ወደፊትና ወደኋላ አንከባልሉት። ምላጩ ዙሪያውን ቀለበት ያወጣለታል፤ ሁለት ሦስት ዙር ሲሄድ ጫፉ በራሱ ይለቃል። ጠርዙ ለስላሳ ይሆናል፣ ከንፈር አይቧጭርም። ለረጅም ብርጭቆ ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ በውስጡ እዩ። ብርሃን ካላሳለፈ ወይም ጎኑ ላይ ስንጥቅ ካለ ጣሉት። የተሰነጠቀ ስትሮ ከመጠጥ ይልቅ አየር ነው የሚያጠጣችሁ።

ቀጥሎ 10 ደቂቃ ቀቅሉት። ውሃው እንደ ቀጭን ሻይ ይቀላል። ያንን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ድገሙት። ስቶንን ያስመረረው የሣር ጣዕም አብዛኛው የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛውም ውሃ ከቀላ ሦስተኛ ጊዜ ድገሙ፤ ብዙ ልፋት የለውም።

ማድረቁ ላይ አትቸኩሉ። ጨርቅ ላይ ሳይደራረብ ዘርግታችሁ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሁለት ቀን አቆዩት፤ መሃል ላይ አገላብጡት። እኔ አንዴ ውጪው ሲደርቅ ውስጡም የደረቀ መስሎኝ ክዳን ባለው ማሰሮ አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ስከፍተው ሽታው አባረረኝ። ሻግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማስቀምጠው በጨርቅ ከረጢት ነው።

አንዱን አንዴ ተጠቀሙበትና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ብስባሽ ውስጥ ጣሉት። ለቀዝቃዛ መጠጥ ግሩም ነው። ለወፍራም ጭማቂ ግን ቀጭን ነው፤ ለዚያ ቀጫጭን ቀርከሃ ይሻላል። እሱ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ውስጡ በቀጭን ብሩሽ ይጸዳል። ቀሪው አሠራር ያው ነው፤ ትልቁ ልዩነት ቀርከሃውን አጥባችሁ ደጋግማችሁ መጠቀማችሁ ነው። ውስጡ መጥቆር ከጀመረ ግን አትሟገቱ፣ ጣሉት።

አንድ ነገር አደራ። ግንዱ ክፍት የሆነ ተክል ሁሉ ስትሮ አይሆንም። የፓፓያ ቅጠል ዘንግ ክፍት ነው፣ ግን ቆዳ የሚቆጠቁጥ ነጭ ወተት አለው። ጉሎ መርዝ ነው። ሄምሎክ የሚባለው ተክልም ግንዱ ክፍት ሆኖ ገዳይ ነው። የማታውቁትን አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ።

ልፋቱ ይቅርብኝ፣ እገዛለሁ ካላችሁ ደግሞ ማሸጊያውን አንብቡ። «ከተክል የተሠራ» የሚለው ብዙ ጊዜ ፒኤልኤ የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ አገዳ ይሠራል፣ ይህ እውነት ነው። ግን በደንብ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ የብስባሽ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጓሮ ብትቀብሩት ለዓመታት እንዳለ ሊቆይ ይችላል፤ ባሕር ውስጥም እንደዚያው። የአውሮፓ ኅብረት በ2021 የፕላስቲክ ስትሮን ከገበያ ሲያስወጣ ፒኤልኤንም እንደ ፕላስቲክ ቆጥሮ አብሮ ከልክሎታል።

የአገዳ ስትሮ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ አይታጠፍም። ተኝቶ ለሚጠጣ ሕመምተኛ ወይም ብርጭቆ ማንሳት ለሚያቅተው ሰው አትስጡ። ለእሱ የሚታጠብና የሚታጠፍ የሲሊኮን ስትሮ ግዙለት።