ጎንደር ላይ በጤና መድን ጥርስ ለማሳከም፦ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ከሁሉ በፊት ይህን ይወቁ፦ መድኑ ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም። ጥርሱ ሲነቀል ክፍያው በመድኑ ቢያልፍም መተኪያው ከኪስዎ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ይነቀል» ሲልዎት «መትረፍ አይችልም? ቢሞላ ወይም ስሩ ቢታከምስ?» ብለው ይጠይቁ። ምክንያቱን በራጅ አሳይቶ የሚያስረዳ ሐኪም ጥሩ ምልክት ነው። ጥያቄው ራሱ የሚያናድደው ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

በዚህ መድን መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። አዘዞም ይኑሩ ማራኪ፣ መጀመሪያ ወደተመደቡበት ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያጽፉ፤ ዘልለው ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። የመድኑ ደብተር የዚህ ዓመት ዕድሳት እንዳለው፣ የታካሚው ስምም እንደተመዘገበበት ቤት ሳሉ ይመልከቱ። ፊት አብጦ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ፣ ትኩሳትም ካለው ግን ሪፈር አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተማሪ ሊያያችሁ ይችላል። ይህ የሚያስፈራ አይደለም፤ እንዲያውም ሥራው በሁለት ሰው ዓይን ይታያል። ተቆጣጣሪው ሐኪም ራሱ መጥቶ ማየቱን ብቻ ያረጋግጡ።

መሥሪያ ቤትዎ የግል መድን የገባልዎ ከሆነ ፒያሳ ወዳለ ክሊኒክ ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ያጣሩ፦ ለጥርስ የተለየ የገንዘብ ጣሪያ አለው ወይ? ክሊኒኩ ውል ስላለው በዱቤ ያክማል ወይስ ከፍለው በደረሰኝ ያስመልሳሉ? የመድን ድርጅቱ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል? ተመላሽ የሚከለከለው ብዙ ጊዜ በወረቀት ነው። «የጥርስ ሕክምና» ብቻ የሚል ደረሰኝ አይቀበሉ። ሙሉ ስም፣ የበሽታው ዓይነት፣ የተሠራው ሥራ ከነዋጋው፣ ማኅተምና የጥርሱ ቁጥር ይኑርበት። ለምሳሌ 36 ማለት የታችኛው ግራ የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ ነው።

አሁን ወደ ሐኪሙ። የክሊኒኩ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ይኖራል፤ የታደሰበትን ዓመት ያንብቡ። የሚያክምዎት ሰው የጥርስ ሐኪም ነው ወይስ ሌላ ባለሙያ? መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም መሣሪያ ከማንሳቱ በፊት ስለ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ደም ማቅጠኛ፣ እርግዝናና የመድኃኒት አለርጂ ይጠይቃል። ያመመዎትን ጥርስ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትንም መታ መታ አድርጎ፣ በቅዝቃዜም ፈትሾ ይለያል፤ ሕመሙ አንዳንዴ ከሌላ ጥርስ የሚመጣ ነውና።

ስለ መሣሪያው ንጽሕና ለመጠየቅ አይፈሩ። መሣሪያው ከታሸገ ከረጢት እፊትዎ ይከፈት፤ ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን መለወጥ አለበት። ኦቶክሌቭ (መሣሪያን በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ በ134 ዲግሪ ደግሞ 3 ደቂቃ ያህል ይዞ ጀርሞችን ይገድላል። አልኮል ውስጥ ነክሮ ማውጣት ይህን አይተካም። መርፌውና የማደንዘዣው ብልቃጥም ለእርስዎ ብቻ የተከፈተ ይሁን።

ስሩ ይታከም (ሩት ካናል) ከተባለ ራጅ ከሥራው በፊት፣ በመሃልና በመጨረሻ ያስፈልጋል። መሙያው ወደ ስሩ ጫፍ መድረሱን የሚያሳየው የመጨረሻው ስለሆነ ቅጂውን ይውሰዱ። መንጋጋ ጥርስ ስሩ ከታከመ በኋላ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ሽፋን (ክራውን) ይፈልጋል፤ የሁለቱን ዋጋ በአንድነት ካልጠየቁ ግማሽ ላይ ገንዘብ ያልቃል። ጊዜያዊ መሙያ ለሳምንታት ሲቆይ ያፈስና ኢንፌክሽኑ ይመለሳል። ለዚህ ነው ጥምቀት ሲቃረብ፣ ከተማው በእንግዳ ሲጨናነቅ፣ ብዙ ቀጠሮ የሚጠይቅ ሥራ አለመጀመር የሚሻለው።

መግል የያዘ ጥርስ በአንቲባዮቲክ ብቻ አይድንም። ሕመሙ ለቀናት ቀንሶ ምንጩ ስላልተነካ ይመለሳል። ኪኒን ብቻ ሰጥቶ ቀጠሮ ሳይዝ የሚሸኝ ቦታን አይመኑ።

ጥርሱ ከተነቀለ የቁስል ጨርቁን (ጋዙን) ለ30 ደቂቃ ነክሰው ይያዙ። ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ አያጭሱ፣ ትኩስ ቡናና አረቄ ይቅር፤ የረጋው ደም ከተነሳ አጥንቱ ይጋለጣል። ከዚያ በኋላ ለመጉመጥመጥ አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ይበቃል። ሕመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው በሦስተኛው ቀን ገደማ ከመጥፎ ሽታ ጋር ቢብስ ቁስሉ ታጥቦ መድኃኒት ይደረግበታል። ይህ የክትትል ጉብኝት በያዙት ሪፈር ይታይ ወይም አዲስ ያስፈልግ እንደሆነ የተነቀለበት ቀን ካርድ ክፍሉን ጠይቀው ይውጡ።