ውሻዬ የአፍ ማሰሪያ እምቢ አለኝ፦ ችግርና መፍትሄ

የአፍ ማሰሪያ ያደረገ ውሻ ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሰዎች አሉ። «ይሄማ ተናካሽ ነው» ብለው። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። አንዳንዱ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ስለሚውጥ ነው የሚደረግለት፣ አንዳንዱ ደግሞ ሐኪም ሲነካው ስለሚደነግጥ። የዋህ የሚባል ውሻም እግሩ ተሰብሮ ሲነኩት ሊናከስ ይችላል። ስለዚህ ሳይቸግር በፊት ማልመዱ ለየትኛውም ውሻ ይጠቅማል። የሚያስቸግረን ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን መግዛታችን ወይም መቸኮላችን ነው።

ምልክት፦ ሲደረግለት በእግሩ ይቧጥጠዋል፣ ፊቱን መሬት ላይ ይፈትጋል፣ ወይም ደርቆ ይቆማል።

ምክንያቱ ችኮላ ነው። እኔም አጥፍቻለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከእሽጉ አውጥቼ ወዲያው አጠለቅኩለት። ፊቱን ከግድግዳው ጋር ሲፈትግ ከአፍንጫው በላይ ያለው ፀጉር ተነስቶ ሮዝ ቆዳ ታየ። ከዚያ በኋላ ማሰሪያውን ገና ሲያየው አልጋ ስር ይገባ ጀመር። በጣም አዘንኩ፤ ሁሉንም ከዜሮ ጀመርን።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማሰሪያውን መሬት ላይ አስቀምጡና አጠገቡ ምግብ ጣሉ። ፈርቶ መሸሹን ሲተው ምግቡን ውስጡ፣ ጫፉ ላይ አድርጉ። እናንተ ወደ ፊቱ አትግፉት፤ እሱ ራሱ አፍንጫውን ያስገባ። የኦቾሎኒ ቅቤ ብትቀቡበት እየላሰ ይቆያል፤ ግን ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ እንደሌለበት አረጋግጡ፣ ለውሻ መርዝ ነው። አፍንጫውን ሳይሰጋ ማቆየት ሲለምድ ብቻ ቀበቶውን ለሁለት ሰከንድ አስራችሁ ፍቱ። ከዚያ አምስት፣ አስር፣ አንድ ደቂቃ። በቀን ሁለቴ፣ በየጊዜው ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከፈራ አንድ ደረጃ ተመለሱ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የእኔው አሁን ማሰሪያውን ከሚስማሩ ሳወርደው እየሮጠ መጥቶ አፍንጫውን ይሰጠኛል።

ምልክት፦ ሲያለከልክ አየር ያጥረዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ድዱ በጣም ይቀላል።

ይሄኛው አይታለፍም። ውሻ እንደኛ በመላ ሰውነቱ አያልብም። ላብ የሚያወጣው በመዳፉ ነው፣ እሱም ትንሽ። ሙቀቱን የሚያስወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። አፉን ጭምቅ አድርጎ የሚዘጋው የጨርቅ ማሰሪያ ይህን ይከለክለዋል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ወዲያው ፍቱለት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡ፣ አየር እንዲያገኝ አድርጉ። ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። ለወደፊቱ ለእግር ጉዞ እንደ ቅርጫት የተሠራውን ግዙ፤ በእሱ ያለከልካል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ምግብም ይቀበላል። የጨርቁ ለሐኪም ቤት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉ ፊተ ጠፍጣፎች ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ያስፈልጋቸዋል። ድሮም ትንፋሽ ይከብዳቸዋልና በሙቀት ሰዓት ባይወጡ ይሻላል።

ምልክት፦ ያወልቀዋል፣ ወይም ቆዳው ይላጣል።

ልኩ አይደለም። ከዓይኑ ትንሽ ዝቅ ካለው ቦታ እስከ አፍንጫው ጫፍ ለኩ። ከአፍንጫው ፊት አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። የአፉን ቁመት ከላይ እስከ ታች የምትለኩት ግን ሮጦ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ነው። አፉን ገጥሞ ከለካችሁት ቅርጫቱም ቢሆን ያፍነዋል። ጠርዙ ዓይኑን አይንካ፤ በአንገቱ ቀበቶ ስር አንድ ጣት ይግባ። የተላጠ ቦታ ካለ እስኪድን አታድርጉለት።

ምልክት፦ ማሰሪያ አድርጎም ሰው ላይ ይንደረደራል።

ማሰሪያው ንክሻውን እንጂ ፍርሃቱን አያስቀርም። በቅርጫቱ ገጭቶ ሰው ሊያቆስልም ይችላል። ስለዚህ ማሰሪያ አለው ብላችሁ ሕፃናት አጠገብ አትውሰዱት፤ ርቀቱን ጠብቁለት። ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጥርስ፣ ጆሮ ወይም መገጣጠሚያ የሚያመው ውሻ ይቆጣል። ሕመም ካልተገኘበት በቅጣት ሳይሆን በሽልማት የሚያሠለጥን ባለሙያ ፈልጉ።

ምልክት፦ «ይጮኻል፣ ጫማ ይበላል፣ ስለዚህ አሰርኩት።»

እዚህ ላይ ማሰሪያውን አውልቁት። የሚጮኸው ወይ ሰልችቶት ነው፣ ወይ ፈርቶ፣ ወይ ብቻውን ሆኖ። አፉን ማሰር ምክንያቱን አይነካውም። የእግር ጉዞውን አስረዝሙለት፣ የሚያኝከው ነገር ስጡት። ማሰሪያ አድርጎ ደግሞ ብቻውን አይቀር፤ የሆነ ነገር ይዞት ሊታነቅ ይችላል፣ ቢያስመልሰውም የሚፈታለት የለም።