በሁለት ቢላ ሳይበሉ ለሁለት ብሎክቼይን መሥራት

ይህ መመሪያ በአንዱ ሰንሰለት (ብሎክቼይን) ቫሊዴተር፣ ማለትም ዝውውሮችን የሚያጸድቅ፣ ሆኖ በተፎካካሪው ላይ ድምፅ ለሚሰጥ፣ የሁለቱንም የቴሌግራም ግሩፕ ለሚያስተዳድር፣ ወይም ከአንዱ ፋውንዴሽን (ሰንሰለቱን ከሚደግፈው ድርጅት) ደመወዝ እየተቀበለ የሌላውን ኮድ ለሚገመግም ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። ኖድ (የሰንሰለቱን ሶፍትዌር የያዘ ኮምፒውተር) ማስኬድ፣ ኮድ መፈተሽና ማኅበረሰብ መምራት የሚችል ባለሙያ ጥቂት ስለሆነ ሁሉም ይፈልገዋል። ሰንሰለት ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ትናንት በአንድ ቤት ይሠራ የነበረ ሰው የሁለት ቤት ሰው ሆኖ ያድራል። በ2016 ኢቴሪየምና ኢቴሪየም ክላሲክ፣ በ2017 ቢትኮይንና ቢትኮይን ካሽ፣ በ2020 ስቲምና ሂቭ ሲለያዩ የሆነው ይኸው ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ለሁለት ወገን መሥራት በራሱ ነውር አይደለም። ነገር የሚበላሸው በአንዱ ቤት ሥልጣን፣ በሌላው ቤት ገንዘብ ኖሮ ይህንን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ሲሆን ነው። «ልቤ ንጹሕ ነው» የሚል መግለጫ ማንንም አያሳምንም፤ ማሳመንም የለበትም። ሌላው ሰው ገብቶ ሊያጣራው የሚችል ነገር ያስፈልጋል፤ ያንን ማዘጋጀት የሚጀመረውም ሥልጣንን ከመቁጠር ነው።

ሥልጣንዎን ይቁጠሩ

ሰንጠረዥ ይክፈቱ። በየመስመሩ አንድ ሥልጣን ይጻፉ፤ ዓምዶቹ አራት ይሁኑ፦ በየትኛው ሰንሰለት ላይ ነው፣ ምን ለማድረግ ያስችላል፣ ብቻዬን ነኝ ወይስ ከሌሎች ጋር፣ ሥልጣኑን ከእጄ ለማውጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል። የቫሊዴተር ቁልፍ፣ የድምፅ ውክልና፣ የመልቲሲግ (ከአንድ በላይ ሰው የሚፈርምበት ሂሳብ) ፊርማ፣ የድጋፍ ገንዘብ ኮሚቴ አባልነት፣ ገና ያልተገለጠ የደኅንነት መረጃ ማግኘት ሁሉም ይገባሉ። ሁልጊዜ የሚረሳው የግሩፕ አድሚንነት ነው። ክፍፍል በሚካሄድበት ሳምንት መልእክት የሚሰርዝና ከላይ የሚሰካ ሰው ከብዙ ድምፅ ሰጪዎች ይበልጣል። መግለጫ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰውም እንዲሁ፤ እንግሊዝኛውን የማያነብ አባል የሚያውቀው ተርጓሚው የጻፈለትን ብቻ ስለሆነ፣ ከትርጉሙ ሥር የዋናውን ጽሑፍ ሊንክ ማስቀመጥ ግዴታ ይሁን።

በየመስመሩ «ይህ ሥልጣን የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። በማርች 2020 የቶክን መገበያያዎቹ ባይናንስ፣ ሁዎቢና ፖሎኒየክስ ደንበኞች ያስቀመጡትን የስቲም ቶክን (የሰንሰለቱን ገንዘብ) ተጠቅመው ድምፅ ሰጡ፤ የማኅበረሰቡ ዊትነሶችም (በስቲም ብሎክ የሚያመርቱት ተመራጮች) ከላይኛው ረድፍ ወረዱ። ባይናንስና ሁዎቢ በኋላ ድምፃቸውን አነሱ፤ ማኅበረሰቡ ግን በዚያው ወር 20 ቀን ሂቭን ለይቶ አስጀመረ። ሰዎች በአደራ የሰጡዎትን ስቴክ (ለድምፅና ለዋስትና የተቆለፈ ቶክን) ለሌላ ቤትዎ ጥቅም ማዋልም መጠኑ ይነስ እንጂ ያው ድርጊት ነው።

ገንዘቡን ከነመጠኑ ይጻፉ

በእጅ ያለውን ቶክን ሁሉም ሰው ያስታውሳል። ተቆልፎ ቀስ በቀስ የሚለቀቀው፣ በቶክን የሚከፈለው ደመወዝ፣ ቃል የተገባው ኤርድሮፕና (በነጻ የሚታደል ቶክን) የፋውንዴሽን ውክልና ግን ይዘለላሉ። ይህ ውክልና ገቢ ስለማይመስል ያሳስታል። ፋውንዴሽኑ 500,000 ቶክን ቢወክልልዎ፣ ዓመታዊው የስቴክ ክፍያ 15 በመቶ፣ የእርስዎ ኮሚሽን 5 በመቶ ቢሆን፣ 500,000 × 0.15 × 0.05 = 3,750 ቶክን በዓመት ያገኛሉ። ፋውንዴሽኑ ነገ ሊያነሳው ስለሚችል ይህ ገንዘብ ከደመወዝ ይልቅ አንደበት ይይዛል።

የዋሌትዎን ልክ በአደባባይ መጻፍ ግን ለዘራፊ አድራሻ መስጠት ነው። በምትኩ ከጠቅላላ ሀብትዎ ያለውን ድርሻ በእርከን ይግለጹ፦ ከ5 በመቶ በታች፣ ከ5 እስከ 25፣ ከ25 በላይ። ዋናው መለኪያ ይህ ድርሻ ነው። በሜይ 2024 የኢቴሪየም ፋውንዴሽን ተመራማሪዎቹ ጀስቲን ድሬክና ዳንክራድ ፋይስት በኢቴሪየም ላይ የተሠራው የአይገንሌየር ፕሮጀክት በቶክን የሚከፈላቸው አማካሪዎች መሆናቸውን አሳወቁ። ድሬክ ቶክኑ ከሌላው ሀብቱ ሁሉ ሊበልጥ እንደሚችል ራሱ ጽፏል። ግልጽነቱ የሚመሰገን ነበር፤ ነቀፌታው ግን አልቆመም። ሰዎች ማወቅ የፈለጉት የትኛውን ውሳኔ እንደማይነካ ነበርና። በኖቬምበር ሁለቱም ከአማካሪነቱ ወጡ።

ስለዚህ መግለጫው ገንዘቡንም ገደቡንም ይያዝ። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በሰንሰለት ሀ ቫሊዴተር ነኝ፤ ኮሚሽኔ 5 በመቶ ነው። ፋውንዴሽኑ 500,000 ቶክን ወክሎልኛል፤ በዓመት 3,750 ቶክን ገደማ አገኝበታለሁ። በሰንሰለት ለ በትርጉም ሥራ ተቀጥሬአለሁ፤ የሚከፈለኝ በቶክን ሲሆን ግማሹ ለአንድ ዓመት የተቆለፈ ነው። የሰንሰለት ለ ቶክን ከሀብቴ ከ5 እስከ 25 በመቶ ይሆናል። የሁለቱም ግሩፕ አድሚን ነኝ። ስቴክን፣ ተጠቃሚን፣ ገንዘብን ወይም ገንቢን ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያሸጋግር ጉዳይ ላይ ድምፅ አልሰጥም፣ ቅስቀሳ አላደርግም። ስጠየቅ የቴክኒክ ጥያቄ እመልሳለሁ፤ ከመልሱ በፊት ይህን መግለጫ አያይዛለሁ።»

በፕሮፋይልዎና በግሩፑ ላይ ይሰኩት። በየሦስት ወሩ፣ አዲስ ክፍያ ሲመጣ ደግሞ በ7 ቀን ውስጥ ያድሱት፤ የድሮውን ቅጂ አያጥፉ።

ከውሳኔ መውጣት እንደየሰንሰለቱ ይለያያል

ብዙ ቅን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ራሴን አግልያለሁ» ይልና ያገለለበት መንገድ ራሱ ለአንዱ ወገን ድምፅ ሆኖ ይቆጠራል።

ኮስሞስ ሃብ የተባለውን ሰንሰለት እንውሰድ። ቫሊዴተሩ ድምፅ ከሰጠ፣ ስቴካቸውን የወከሉለትና ራሳቸው ያልመረጡ ሰዎች ሁሉ የእሱን ድምፅ ይከተላሉ። ድምፀ ተአቅቦ ሲመርጥ ያ ሁሉ ስቴክ ምልዓተ ጉባኤውን (40 በመቶ) ይሞላል፤ የድጋፍና የተቃውሞ ስሌት ውስጥ ግን አይገባም። በኖቬምበር 2023 የዋጋ ግሽበቱን ጣሪያ ወደ 10 በመቶ ያወረደው ፕሮፖዛል 848 በ41 በመቶ ገደማ ድጋፍ ማለፍ የቻለው ለዚህ ነው። በዚያ ውሳኔ የተቆጡት ወገኖች ናቸው አቶምዋን የተባለውን ሌላ ሰንሰለት የመሠረቱት። በሌላ በኩል የቬቶ (ፕሮፖዛሉን የሚጥል ጠንካራ ተቃውሞ) ስሌት ድምፀ ተአቅቦንም በጠቅላላው ውስጥ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ተአቅቦዎ 33.4 በመቶውን የቬቶ ደፍ መድረስ ያከብደዋል። ጭራሽ ድምፅ ካልሰጡ ደግሞ ያ ስቴክ ከምልዓተ ጉባኤው ይጎድላል፤ ይህም ፕሮፖዛሉ እንዲወድቅ ለሚፈልጉት ይጠቅማል።

ፍጹም ገለልተኛ የሆነ የድምፅ አማራጭ የለም። በእኛ ግምት የሚሻለው አንዱን መንገድ አስቀድሞ መምረጥ፣ በመግለጫው ላይ መጻፍና በየፕሮፖዛሉ አለመቀያየር ነው። ምልዓተ ጉባኤው ያለ እርስዎ የሚሞላ ከሆነ ተአቅቦ ይበጃል። ከሁሉ በላይ ግን ድምፅ መስጫው በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት «በዚህ ላይ አልመርጥም፤ እናንተ ራሳችሁ ምረጡ» ብለው ለወካዮችዎ ይጻፉ። 14 ቀን አላቸው፤ የራሳቸው ድምፅ ከእርስዎ ይቀድማል፤ ከፈለጉም ስቴካቸውን ወዲያው ወደ ሌላ ቫሊዴተር ማዛወር ይችላሉ።

አርቢትረም በተባለው ሰንሰለት ይህ ምክር አይሠራም። የድምፅ ኃይል የሚለካው ድምፅ መስጫው ሲጀመር በሚወሰድ ቅጽበታዊ ቆጠራ ነው። ከዚያ በኋላ ወካይዎ ውክልናውን ቢያነሳ እንኳ ለዚያ ፕሮፖዛል ኃይሉ እርስዎ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ የጥቅም ግጭቱን የሚያሳውቁት በአሳብ መለኪያው ሳምንት (ከመደበኛው ድምፅ በፊት የአባላት አሳብ በሚለካበት) ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ፕሮፖዛሉ ከቀረበ በኋላ ቆጠራው እስኪወሰድ ባሉት 3 ቀናት። በሂቭ ደግሞ የዊትነስ ድምፅ ሲነሳ ወዲያው ይሠራል፤ አዲስ የተቆለፈ ስቴክ ግን ድምፅ የሚሆነው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ይህ ገደብ የገባው ከስቲሙ ጉዳይ በኋላ ነው።

ከየትኛው ውሳኔ ይወጣሉ? ፈተናው ቀላል ነው፤ በምሳሌ መግለጫው የተጻፈው ገደብ ራሱ ይበቃል፦ ውጤቱ አንድን ነገር ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት የሚያሸጋግር ከሆነ ይውጡ። ከደኅንነት ማሻሻያ ግን አይውጡ። ቫሊዴተር ሆኖ የተጠገነውን ሥሪት ሳይጭኑ «ገለልተኛ ነኝ» ማለት ሰንሰለቱን ማዳከም ነው።

ቁልፍና ማሽን

ለእያንዳንዱ ሰንሰለት የተለየ ሰርቨር፣ የተለየ የሲድ ሐረግ (ዋሌቱን የሚከፍቱ ቃላት)፣ የተለየ የፊርማ ቁልፍ ይኑር። የቁልፉን ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው አይቅዱ፤ ከተሰረቀ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የተከፈለው ሰንሰለት የድሮውን የሰንሰለት መለያ ይዞ ከቀጠለ ደግሞ በሁለቱ ላይ የሰጡት ፊርማ የአንድ ቁልፍ ድርብ ፊርማ (ሁለት የሚጋጩ ብሎኮችን መፈረም) ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። በኮስሞስ ሃብ የድርብ ፊርማ ቅጣት 5 በመቶ ስቴክ ነው፤ ቅጣቱ የወካዮችዎንም ቶክን ይቆርጣል፣ ያ ቁልፍም ዳግም አይመለስም። ለማኅበረሰብ ገንዘብም በየሰንሰለቱ የተለየ አድራሻ ይክፈቱ። በ2016 ኢቴሪየም ሲከፈል በአንዱ ላይ የተፈረመ ዝውውር በሌላውም ላይ ተገልብጦ ይሠራ ነበር፤ የቆመው የሰንሰለት መለያ በፊርማው ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ ነው፤ በኢቴሪየም በኖቬምበር 2016 (መለያው 1)፣ በክላሲክ በጃንዩዋሪ 2017 (መለያው 61)።

በሁለት ተፎካካሪዎች የደኅንነት ምክር ቤት (አስቸኳይ ለውጥ በሚፈርም ቡድን) ላይ በአንድ ጊዜ አይቀመጡ። የአርቢትረም ምክር ቤት ከ12 ፊርማ በ9 ኮንትራት (በሰንሰለቱ ላይ የሚሠራ ኮድ) መቀየር ይችላል፤ ሕገ ደንቡም ከቀጥተኛ ተፎካካሪ ጋር መተሳሰርን እንደ ጥቅም ግጭት ያነሳዋል።

አንድ ጉድለት፣ ሁለት ሰንሰለት

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ከአንድ ኮድ የተወለዱ ሰንሰለቶች አንድ ዓይነት ቀዳዳ ይጋራሉ። በሰንሰለት ሀ ዝግ ቻናል ስለ ቀዳዳው ሰምተው ሰንሰለት «ለ»ም እንዳለበት ቢያውቁ ምን ያደርጋሉ? ዝም ካሉ የሰንሰለት ለ ተጠቃሚዎች ይዘረፋሉ፤ በራስዎ ከተናገሩ ሰንሰለት ሀ ሳይጠገን ወሬው ሊያመልጥ ይችላል።

መልሱ ቀድሞ መዋዋል ነው። ወደ ዝግ ቻናል ከመግባትዎ በፊት «በሌላውም ሰንሰለት እሠራለሁ፤ ጉድለቱ እነሱንም የሚነካ ከሆነ ማን፣ መቼ ያሳውቃቸዋል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ዚካሽ የተባለው ሰንሰለት ቡድን በማርች 2018 ሐሰተኛ ሳንቲም ለመፍጠር የሚያስችል ጉድለት አገኘ፤ በኦክቶበር ጠገነ፤ በኖቬምበር ያንኑ ኮድ ለሚጠቀሙት ሰንሰለቶች ለሆራይዘንና ለኮሞዶ በምስጢር አሳወቀ፤ ለሕዝብ የገለጸው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የራስ ጥገና፣ የጎረቤት ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ አደባባይ።

ጉድለቱን ራስዎ ካገኙት ግን የማንም ምስጢር አይደለምና ለሁሉም በአንድ ቀን ይላኩ። በሴፕቴምበር 2018 በመዝገብ ቁጥሩ ሲቪኢ-2018-17144 የተባለውን አደገኛ ጉድለት ያገኘው የቢትኮይን ካሽ ገንቢ ነበር። የሁለቱ ወገኖች ጠብ ገና ትኩስ ነበር፤ እሱ ግን ለራሱ ወገንም ለቢትኮይን ኮርም (የቢትኮይን ዋና ሶፍትዌር ገንቢዎች) አሳወቀ፤ ኮር በማግስቱ የተጠገነ ሥሪት አወጣ። በዚህ ሥራ ውስጥ ላለ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚከበር ተግባር አናውቅም።

ግሩፕ ሲያስተዳድሩ

የተፎካካሪውን ስም የጠራ መልእክት በአንድ አድሚን ውሳኔ አይሰረዝ፤ ሁለተኛው አድሚን፣ ያውም በሌላው ቤት ጥቅም የሌለው፣ ይስማማ። የተሰረዘውና የተባረረው ከነምክንያቱ አባላት በሚያዩት ቻናል ይመዝገብ። ለሁለቱ ግሩፖች ሁለት አካውንት ይጠቀሙ። የአንዱን ግሩፕ አባላት በግል መልእክት ወደ ሌላው መጥራት ክልክል ይሁን፤ መተማመንን ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ይህ ነው።

መውጣት ሲያስፈልግ

በሦስት ወር ውስጥ ከወሳኝ ጉዳዮች ግማሽ በሚሆኑት ራስዎን ካገለሉ ቦታው ባዶ ነው፤ ለሌላ ይልቀቁት። የሌላው ቤት ድርሻ ከ25 በመቶ ካለፈም እንዲሁ። ሲወጡ መጀመሪያ ለወካዮች ያሳውቁ፤ ቀጥሎ የአድሚንና የመልቲሲግ ቦታዎን በሌላ ሰው ያስተኩ፤ ከዚያ የዝግ ቻናል መግቢያዎን ያዘጉ፤ ኖዱን የሚያጠፉት በመጨረሻ ነው። በኮስሞስ ስቴክ ለመፍታት 21 ቀን ይፈጃል። ያዛወረ ሰውም ያንኑ ስቴክ ደግሞ ለማዛወር 21 ቀን መጠበቅ ስላለበት፣ ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብለው ይናገሩ፤ አለበለዚያ ከሌላ ቫሊዴተር ወደ እርስዎ በቅርቡ የተዛወሩት ኖዱ ሲዘጋ ያለ ክፍያ ይቀራሉ። በሂቭ የተቆለፈውን ማውጣት 13 ሳምንት ነው፤ ዊትነስ ሆኖ ብሎክ ማምረትን ግን በመጀመሪያው ቀን የፊርማ ቁልፍዎን በማሰናከል ማቆም ይችላሉ። ኖዱ ከተዘጋ በኋላ የመጨረሻ መግለጫዎን ያውጡ፤ የቀረልዎ የተቆለፈ ቶክን ካለ መጠኑን በእርከን፣ የሚለቀቅበትን ቀን ደግሞ በትክክል ይጻፉ።