ልጅዎ «አናጫውትህም» ተብሎ ሲመጣ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

«አናጫውትህም» የተባለ ልጅ ቤት ሲገባ ቦርሳውን ወርውሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ቅብጠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ናኦሚ አይዘንበርገርና ባልደረቦቿ አዋቂዎችን ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው በኮምፒውተር ኳስ ሲያቀባብሏቸው፣ ኳሱ በተነፈጋቸው ጊዜ በአካል ሕመምም የሚነቃ የአንጎል ክፍል ሲሠራ አይተዋል። አዋቂ እንዲህ ከሆነ፣ አንጎሉ ገና ያልበሰለ ልጅ ቢያለቅስ አይግረምዎ።

መጀመሪያ ሰውነቱን ያርግቡ። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አደጋ ሲሸተው ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ቆመው አያናግሩት፤ ዝቅ ብለው አጠገቡ ይቀመጡ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ከፈቀደ ጀርባውን ይዳብሱት። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ቀስ ብሎ እፍ ይበል፣ አምስት ስድስት ጊዜ። ዋናው አየሩን ሲያወጣ ማርዘሙ ነው። እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ እርስዎ አጠገቡ ሆነው ይተንፍሱ።

ቀጥሎ ስሜቱን በስሙ ይጥሩለት፦ «ከጨዋታው ስላስወጡህ ከፋህ አይደል?» ስሜትን በቃል መጥራት የአሚግዳላን ሥራ ቀለል ያደርጋል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ምን አድርገሃቸው ነው?» ሲባል ልጁ ሁለተኛ ጊዜ የተገፋ ይመስለዋል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም»ም እንባውን ያደርቅ ይሆናል፤ ሕመሙን ግን መደበቅ ነው የሚያስተምረው።

አሁን ይጠብቁ። ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ጣሪያ የሚነካው ነገሩ ከጀመረ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ መሃል የሚሰጥ ምክር ከጆሮ አያልፍም። ውኃና ቆሎ ያቅርቡለት፣ ዝም ብለው አብረውት ይሁኑ።

ሲረጋጋ ማን፣ የት፣ ምን እንዳለው ይጠይቁ። «ቀጣዩ ዙር ላይ ልግባ?» የሚለውን አንዴ ሁለቴ አብራችሁ ተለማመዱት። ከቡድኑ ሁሉ ጋር ለማስታረቅ አይሩጡ፤ ደህና የሚግባባውን አንድ ልጅ ለአንድ ሰዓት ቤት መጥራት ይሻላል።

ለአቅመ አዳም የደረሰውን የወላጅ መኖር እንደ ትንሹ ላያረጋጋው ይችላል፤ ፊት ለፊት ከመጠየቅ ሽንኩርት እየላጡ ጎን ለጎን ማውራት ይቀለዋል።

መገፋቱ ከተደጋገመ ቀኑንና የተባለውን ጽፈው መምህሩን ያነጋግሩ። እንቅልፉ ወይም ምግቡ ለሁለት ሳምንት ከተዛባ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ይውሰዱት።